ብቻውን ወደ ተራራና ወደ ሐይቅ ዳር ስለሚወጣ ሰው

በሐዋሳ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሹም ለዚህ ዓምድ በላኩት ደብዳቤ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል። «ከጽሕፈት ቤት ሥራ በኋላና በዕረፍት ቀን ብቻዬን በእግሬ ወደ ታቦር ተራራ ወይም ወደ ሐይቁ ዳር መሄድ እወዳለሁ። የቤቴ እመቤት ግን ይህን ልማዴን እጅግ ትጠላዋለች። ከሁለታችን ጥፋተኛው ማን ነው?»

በባልና በሚስት መካከል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ የሚያስፈራ ነገር ቢሆንም፤ ጉዳዩ በእኔም ቤት የደረሰ ስለ ሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልወደድሁም። ነገር ግን ከፍርዱ በፊት ስለ መንገዱ ልናገር፤ መንገዱን የማያውቅ ሰው የመንገደኛውን ፍቅርም ሆነ የባለቤቱን ሥጋት ሊያውቅ አይችልምና።

በአገራችን ሰው ያለ ጉዳይ ብቻውን በመንገድ የታየ እንደ ሆነ፤ «ምን ሆኖ ነው? ማን ሞተበት?» ይባላል። በቀድሞው ዘመን ትልቅ ሰው ያለ አሽከር ከደጁ መውጣቱ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ብቻውን ከአገር ወደ አገር የሚሄደው ቃል ይዞ የተላከ መልእክተኛ፤ ወይም አኩፋዳውን ያንጠለጠለ የቆሎ ተማሪ፤ ወይም ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ነበር። ሦስቱም ቢሆኑ የሚሄዱት ለጉዳይ እንጂ ለመንሸራሸር አልነበረም። ስለዚህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ልብሱን ለብሶ፤ ጫማውን አጥብቆ፤ ያለ ምንም ጉዳይ ወደ ዳገት ሲወጣ ያየ ጎረቤት ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ሐዋሳ ግን እግርን የምትጠራ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። አገሬው እንደሚናገረው የሐይቁ ስም በሲዳምኛ «ሰፊ» ማለት ነው። ሐይቁ የሞላበት ጎድጓዳ ስፍራ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ምድሪቱ ወደ ውስጥ በመስመጧ የተገኘ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፤ ጥልቀቱ ከ20 ሜትር ጥቂት ቢያልፍ ነው። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። እንዲህም ሆኖ ውሃው ጨው አለመሆኑ የሚያስገርም ነው፤ ሊቃውንቱ ይህ የሆነው በምድር ውስጥ እየሰረገ ስለሚወጣ ነው ይላሉ። ጥቁር ውሃ የሚመነጭበት ጨለለቃ በ1960ዎቹ ሐይቅ ሆኖ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ሆኗል። በእግሩ የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከጊዜ ብዛት በዓይኑ ያስተውለዋል፤ በመኪና የሚያልፈው ግን ድልድዩን ብቻ ያያል።

የመጀመሪያው መንገድ የሐይቁ ዳር ነው። ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ተነሥቶ ሰፊውን ጎዳና ወደ ሐይቁ የተከተለ ሰው ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል። በዚያ የሐይቁን ሙላት ለመከላከል የተካበ ክትር አለ፤ በክትሩ ላይ የሚሄድ ሰው በአንድ ወገን ውሃው፤ በሌላው ወገን ከተማው እየተከተለው ይሄዳል። ወደ ደቡብ በገፋ ጊዜ አሞራ ገደል ይገኛል። በማለዳ ዓሣ አጥማጆች በመረብ የያዙትን ቆሮሶና አምባዛ በጀልባ ያወጣሉ። አባ ኮዳ የሚባለውም ረጅም አሞራ፤ ራሰ በራውን ዘንበል አድርጎ፤ ጉዳዩ እስኪታይለት ደጅ እንደሚጠና ሰው በትዕግሥት ይቆማል። የዓሣው አንጀት በተጣለለት ጊዜ ግን ያ ትዕግሥት ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ለብሰው ይህን ሁሉ ሲመለከቱ፤ ከመኳንንቱ ወገን እኛ ነን የሚሉ ይመስላሉ።

ስለዚህ መንገድ ሁለት ነገር ማሳሰብ ይገባኛል። አንደኛው ጉማሬ ነው። ጉማሬ ቀን በውሃ ውስጥ ውሎ፤ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ ከርሱና ከውሃው መካከል የገባውን ሁሉ መመለሻውን የዘጋበት ጠላት አድርጎ ይቆጥረዋል። በተለይም ጥቁር ውሃ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ወገን ከመሸ በኋላ መሄድ ድፍረት ሳይሆን ስንፍና ነው። ሁለተኛው ለዓይን የማይታይ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው ረጋ ያለ ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ስለሚኖር የቢልሃርዝያ በሽታ አለ። ደክሞኛል ብሎ እግሩን በውሃው ውስጥ የሚነክር መንገደኛ በሽታውን በቆዳው በኩል ተቀብሎ ሊመለስ ይችላል። እግርን መታጠብ በቤት ይሻላል።

ሁለተኛው መንገድ ታቦር ነው። ይህ ኮረብታ ስሙን ከመጽሐፍ ቅዱሱ ተራራ የወሰደ ሲሆን፤ በከተማውና በሐይቁ መካከል እንደ ዘበኛ ቆሟል። ዳገቱ አጭር ነው፤ ሆኖም ወንበር ላይ የሚውል ሰው ልቡ ምን ያህል እንደ ሰነፈ በዚያ ይረዳዋል። ከጫፉ ላይ በወጡ ጊዜ ሐይቁ በሙሉ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይታያል፤ ዘወር ሲሉ ደግሞ ቀጥ ያሉት የከተማው ጎዳናዎችና የቆርቆሮው ጣራ ያብረቀርቃሉ። በጽሕፈት ቤት ሳለሁ ያስጨነቀኝ ፋይል ሁሉ ከዚያ ላይ ሆኜ ሳየው ከአንዱ ቆርቆሮ በታች የተቀመጠ ወረቀት ብቻ ነው። የጻፉልን ሹምም የወደዱት ይህንኑ ይመስለኛል።

ሦስተኛው አላሙራ ነው። በከተማው ደቡብ የሚገኝ ሲሆን፤ ከታቦር ይልቅ ይገዝፋል። በቤቴ የደረሰውን ነገር ለመናገር የፈለግሁት ስለዚህ ተራራ ነው።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፤ በአንድ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፤ ለባለቤቴ «ወደ ፍቅር ሐይቅ ደርሼ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። አሳቤም በእውነት ይኸው ነበር። ከአደባባዩ በደረስሁ ጊዜ ግን ሰማዩ ጠርቶ፤ አላሙራ አረንጓዴ ሆኖ ታየኝና ልቤ ተለወጠ። ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ግርጌው ሄድሁ። የእጅ ስልኬን ኃይል እንዲሞላ ብዬ በቤት ትቼው ነበር፤ እንዲያውም አለመያዜ ደስ አለኝ፤ የሚጠራኝ የለም ስል።

ሽቅብ በወጣሁ ጊዜ ደስታዬ ፍጹም ነበር፤ ይህን አልክድም። ወፉ ይጮኻል፤ ነፋሱ ከሐይቁ ይመጣል፤ የሰው ቃል አይሰማም። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ግን ከወደ ምሥራቅ ደመና ተነሥቶ፤ የበልግ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። የእግር መንገዱ ወዲያው ጅረት ሆነ። ፈጥኜ ለመውረድ ስሞክር አዳልጦኝ ወደቅሁ፤ ቀኝ እግሬንም ወለም አለኝ። ከዛፍ ሥር ተቀምጬ ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅሁ። ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይዋም ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። በእኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ እንደ ፈረንጅ አገር አይዘገይም፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል።

እንግዲህ በዚያ ሰዓት የማገዶ ሸክም ያዘለች አንዲት ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር በመንገዱ መጣች። በሲዳምኛ አንድ ነገር ተናገረችኝ። እኔ የማውቀው ሰላም «ኬሬ» እንደሚባል ብቻ ስለ ነበር እርሱኑ መለስሁላት፤ በዚያ ሁኔታ ተቀምጦ ሰላም ነኝ ማለት አስቂኝ ሳይሆን አልቀረም። እግሬን አየች፤ ከዚያም ሸክሟን አወረደች። ያን የሚያህል ሸክም አንድ ጊዜ ያወረደ ሰው፤ ዳግመኛ ለማንሣት የሌላ ሰው እጅ እንደሚያሻው ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ልጅቱ ምርኩዝ የሚሆነኝን እንጨት መረጠችልኝ። እናቲቱም ክንዴን ይዛ፤ የት ድንጋይ እንዳለ የት እንደሚያዳልጥ በእግሯ እያወቀችው፤ እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ አወረደችኝ። ገንዘብ ላውጣ ብል እጄን ወደ ኪሴ መለሰችው። ከዚያም ልጇን ይዛ፤ ወደ ሸክሟ በጨለማው ሽቅብ ተመለሰች። እኔ ለመንሸራሸር የወጣሁበትን የእግር መንገድ በየቀኑ በእግራቸው ያቀኑት እርሷና እርሷን የመሰሉ ሴቶች መሆናቸውን እስከዚያች ቀን አላሰብሁትም ነበር። ብቻዬን ነኝ ብዬ በተደሰትሁበት ስፍራ ሁሉ ከኔ በፊት ሰው አልፎበታል።

ከቤቴ ስደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኗል። ጎረቤቶች በደጁ ተሰብስበዋል፤ ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። አንድ ሰው ግን ጎደለ። በዩኒቨርሲቲ የምትማረው የ19 ዓመት ልጄ የለችም። «የት ሄደች?» ብል፤ «እርስዎን ፍለጋ ነዋ፤ ፍቅር ሐይቅ ነኝ አላሉምን?» አሉኝ። በክትሩ ላይ በስልኳ መብራት ውሃውን እያየች፤ ሰውን እየጠየቀች፤ ብቻዋን ወደ ሰሜን ሄዳ ኖሯል። ስልኳን ቢደውሉ ኃይሉ አልቆ ተዘግቷል። ጎረቤቶች ሊፈልጓት ወጡ፤ እኔ ግን መራመድ ስላልቻልሁ በበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥሁ። ከአንድ ሰዓት ሩብ ፈሪ በኋላ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ረጥቦ ገባች። በዚያ ሰዓት ጉማሬ ወደ የብስ እንደሚወጣ ከላይ ጽፌአለሁ፤ እርሱን ስጽፍ ያሰብሁት ስለ አንባቢ ብቻ አልነበረም።

ባለቤቴ ያን ሌሊት አልተቆጣችኝም። «እርስዎ በተራራ ነበሩ፤ እኛ ግን በሐይቅ ስናለቅስልዎት አመሸን» ብቻ አለችኝ።

በጄኔቫ የተወለደው ዝነኛው ጸሐፊ ዣን ዣክ ሩሶ በእርጅናው ዘመን በፓሪስ ዙሪያ ብቻውን በእግሩ መሄድን ይወድ ነበር፤ ስለዚሁም የጻፈው መጽሐፍ ከሞተ በኋላ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1782 ታትሟል። በ1776 በጥቅምት ወር እንደዚህ ሲሄድ፤ ከአንድ ሠረገላ ፊት የሚሮጥ ግዙፍ ውሻ ጥሎት ራሱን ሳተ። ሲነቃ ሕመሙ ሳይሰማው ዓለም ሁሉ ቀለል ብሎት በእግሩ ወደ ቤቱ ገባ። ምን ያህል እንደ ተጎዳ ያወቀው ሚስቱ ባየችው ጊዜ ከጮኸችው ጩኸት ነው። ይህን ታሪክ ቀድሞ ባነበብሁት ጊዜ ስለ ውሻው ብዙ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ግን የማስበው ስለ ሴትዮዋ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለጻፉልን ሹም የምመልሰው አጭር በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጄ በቡና ሰዓት መጥታ፤ «አባባ፤ እኔም ማለዳ ማለዳ ብቻዬን ወደ ታቦር ልወጣ እፈልጋለሁ» አለችኝ። እኔም ጥቂት ሳላስብ «አይሆንም» አልሁ። እርሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ያን ሌሊት በጨለማ ብቻዬን ስሄድ የከለከለኝ አልነበረም። በፀሐይ ብርሃን ስሄድ ስለ ምን እከለከላለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የባለቤቴ ሥጋት ከኔ ይልቅ ሥር ያለው ነበር። እርሷ ባደገችበት ገጠር ሴት ልጅ ብቻዋን ወደ ውሃ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ መጠለፏ የታወቀ ነገር ነበር። ሕጉም ቢሆን ለእናቶች የሚያጽናና አልነበረም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ያገባት እንደ ሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው በአዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። እንግዲህ ባለቤቴ ልጅ ሳለች የተማረችውን ፍርሃት፤ ሕጉ ተለውጧልና ተዪው ማለት ለወንድ ይቀለዋል።

እኔ በበኩሌ ልጄን ለመርዳት ብዬ የዴርቭላ መርፊን ታሪክ አነሣሁ። ይህች አየርላንዳዊት በ1959 ዓ.ም. ከምፅዋ ባሕር ዳር ተነሥታ፤ ወደ ሰሜኑ ተራሮች ወጥታ፤ ሌላ ሰው ሳታስከትል ጓዟን በበቅሎ ጭና እስከ አዲስ አበባ በእግሯ የተጓዘች ናት። በመንገድ ወንበዴ ዘርፏታል፤ በየመንደሩም ደግሞ ገበሬዎች ከቤታቸው አስገብተው አሳድረዋታል። የጉዞዋን መጽሐፍ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1968 አሳትማ፤ በ2014 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ ዐረፈች። ባለቤቴ ይህን ሰምታ፤ «እርሷ እንግዳ ናት፤ እንግዳ በአገራችን ይከበራል። የኛን ልጅ ግን ሰው የሚያያት እንደ እንግዳ አይደለም» አለች። ነገሯ እውነትነት ነበረበት፤ እኔም ክርክሬን ተውሁ።

ሲዳማዎች አፊኒ የሚሉት መልካም ሥርዓት አላቸው። ቃሉ «ሰማችሁን?» እንደ ማለት ነው። አንድ ነገር ሳይወሰን በፊት፤ የሚመለከተው ሁሉ መስማቱና የመሰለውን መናገሩ የሚረጋገጥበት ነው። እኛም ባናውቅበትም የዚያን ሥርዓት ጥላ ይዘን ሦስታችን ተቀመጥን። ባለቤቴ ሁሉን ተናገረች፤ ልጄም ሁሉን ተናገረች፤ እኔ ከሁለቱ ይልቅ ጥቂት እንድናገር ተፈረደብኝ። በመጨረሻም ልጄ እንድትሄድ፤ ነገር ግን ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶች በሚበዙበት በማለዳ ሰዓት እንዲሆን፤ የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋ እንድትተው፤ በመንገድ አሳቧን ብትለውጥ በስልክ እንድትነግረን ተስማማን። ባለቤቴ ወዲያው፤ «ይህ ሥርዓት ለአባትየውም ነው» አለች። እኔም እሺ አልሁ።

የተከበሩ ሹም ሆይ፤ ስለ ሆነም ጥፋተኛው መሄድዎ አይመስለኝም፤ ባለቤትዎም አይደሉም። ምናልባት ታቦር እወጣለሁ ብለው አላሙራ የተገኙበት ቀን ኖሮ እንደ ሆነ ራስዎን ይመርምሩ። ደግሞም ባለቤትዎ የሚጠሉት ጉዞውን ነው ወይስ በደጅ ቆሞ መጠበቁን? ይህን ጠይቀዋቸው ያውቃሉን? እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁም ነበር።

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በአንድ እሑድ ነው። በጠረጴዛው ላይ የተወችው ወረቀት «ታቦር። 12 ሰዓት ወጣሁ። 3 ሰዓት እመለሳለሁ» ይላል። ያን ጊዜ እግሬ ገና ስላልዳነ በበረንዳው ላይ በወንበር ተቀምጬ ነበር። 1 ሰዓት ሆነ፤ 2 ሰዓት ሆነ። ጋዜጣ ዘርግቼ አንዱን ዓምድ አራት ጊዜ አነበብሁት። ባለቤቴ ቡና አፍልታ አቀረበችልኝና፤ አጠገቤ ተቀምጣ፤ ምንም ሳትናገር ፊቴን ትመለከት ነበር። 3 ሰዓት ሲሆን በሩ አልተንኳኳም። 3 ሰዓት ከ10 ሲሆን ልጄ ገባች፤ የቀሚሷ ጫፍ አቧራ ነክቶታል፤ አንድ ስፍራም እሾኽ ቀዶታል። «እሜቴዎች ጭራሮ ይዘው ሲወርዱ አግኝቻቸው፤ ሸክም ሳነሣላቸው ዘገየሁ» አለች።

ባለቤቴ ሲኒውን አንሥታ አየችው። ቡናው ሳይቀመስ ቀዝቅዞ ነበር።